ተርፒቲዩድ የምትባል ቃል ሰቆጣ የገባች ሳምንት

መምህር ገብረ ኪዳን አንድ የከበደች ቃል ከገጠመቻቸው ሰው አይደሉም። ምሳ ይረሳሉ፣ ሰላምታ መመለስ ይረሳሉ፤ አንዴማ የገዛ ጃንጥላቸውን የሰው መስሏቸው "ይሄ የማን ነው?" እያሉ ሱቄን ሲዞሩ አይቻቸዋለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ አርፈው ቤታቸው ይቀመጣሉ ብዬ ነበር። የት! እኔ ጋ መጡ።

እኔ ዘኪያ እባላለሁ። ሰቆጣ ከተማ ከአባቴ ከሰላሕ የጨርቅ ሱቅ ጎን ያለችው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የእኔ ናት። በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ደግሞ የመምህር ናት። የእንግሊዝኛ ቅጽ ይዞ የመጣ ሰው እሳቸው ፊት ይቀመጣል፤ እሳቸው እየጠየቁ ይሞላሉ፣ እኔ እተይባለሁ። ለድካማቸው ሰው የሰጣቸውን ይቀበላሉ፤ እንቁላልም ቢሆን አይመልሱም። እስከዚህ ድረስ ጸባያቸው ግሩም ነው። እኔን የሚያንጨረጭረኝ አንድ ሕጋቸው ነው። ሰው ያልገባው ነገር ላይ አይፈርምም ይላሉ። አንድ ገጽ ለመሙላት ግማሽ ቀን! ሰልፉ እስከ አባቴ በር ደርሶ፣ እሳቸው አንዱን ገበሬ "የቅርብ ዘመድ ማለት በደም ነው ወይስ በቤት?" ብለው ያስጨንቁታል። ሰውየውም እውነት ይጨነቃል፤ ወንድሙ ጎረቤቱ ነው፣ ከወንድሙ ጋር ደግሞ ከተኳረፈ ሦስት ዓመቱ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ሰኞ ጧት ምንዋጋው የሚባል የደሃና ወረዳ ገበሬ መጣ። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ መምህር አምደወርቅ ከተማ ሲያስተምሩ ተማሪያቸው ነበር፣ እስከ አሥረኛ ክፍል ዘልቋል። ሁለት ዓመት በተከታታይ ገብሱን በረዶ መቶበታል። አንደኛውን በሬ ሸጦ በልቷል፤ ሁለተኛው ብቻውን ምን ያደርጋል ብሎ ሊሸጠው እያሰበ ነው። አራት ልጆች አሉት። እንግዲህ አበርገሌ ውስጥ የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር አንድ የውጭ ድርጅት ዕቃ ግምጃ ቤት የሚይዝ ስቶር ኪፐር ይፈልጋል ተብሎ ቅጹን አግኝቶ ነው የመጣው። ማመልከቻው ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ያን ሥራ ካገኘ በሬው ይተርፋል፣ ትልቋ ልጁም ትምህርቷን አታቋርጥም። ካላገኘ ሁለቱም አይሆኑም። ይህን ሁሉ ገና ሳይቀመጥ ነው የነገረን።

እስከ ጥያቄ አሥራ ሦስት ያለ ችግር ሄድን። አሥራ አራተኛው ላይ መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። የዛኔ ቀኔ እንዳለቀ አወቅሁ።

"በፍርድ ቤት ተፈርዶብዎትም ይሁን ሳይፈረድብዎት" ብለው ቀስ እያሉ ተረጎሙ፣ "ሞራል ተርፒቲዩድ ያለበት ድርጊት ፈጽመው ያውቃሉ? አዎ ከሆነ ያብራሩ።"

"ምንድን ናት እሷ?" አለ ምንዋጋው።

"እሱን ነው የማጣራው።"

"ታስሬ እንደሆነ ከሆነ የሚጠይቁኝ፣ ታስሬያለሁ። ሦስት ወር። ሠርግ ላይ አንዱ እናቴን ሰደባት፣ በቡጢ ጥርሱን አወለቅኩለት።" ትንሽ አሰበና "ለነገሩ ጥርሷም የተበላሸች ነበረች" ብሎ ጨመረ።

እኔ ነገሩን ለማሳጠር ስልኬን አወጣሁና ፈለግሁ። "ብልግና ይላል መምህር። በቃ፣ ብልግና። ይለፉ።"

ምነው አፌ በተቆረጠ! "ብልግና?" አሉ። "ብልግና ልጅ ሽማግሌ ፊት እግሩን አነባብሮ ሲቀመጥ ነው። ብልግና የአፍና የዓይን ነገር ነው። ይህን የምታህል ቃል ብልግና ብለሽ ትገላገያታለሽ?" ከዚያ ያንን ሽፋኑ የተለጠፈ መዝገበ ቃላታቸውን ገለጡ። እሱም "ወራዳነት፣ ዝቅጠት" አላቸውና እሱም አላጠገባቸውም። ፍቺዋን ሳይሆን ወሰኗን ነው የሚፈልጉት። የትኛው ሥራ ገብቶ የትኛው ውጭ ይቀራል? ጥርስ ማውለቅ ይገባል ወይስ አይገባም? ይህን ሳያውቁ አንድም ሳጥን ላይ ምልክት አያደርጉም።

ባሕር ዳር ለሚኖር አንዷለም ለሚባል ጠበቃ ደወሉ። እሱም የድሮ ተማሪያቸው ነው፤ ሁሉም ሰው ተማሪያቸው ነው። እኔም ምንዋጋውም እንድንሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"እንግሊዞቹ ራሳቸው እምብዛም በአፋቸው አይጠሯትም መምህር" አለ አንዷለም። "ቤት ውስጥ፣ ገበያ ላይ አትሰሟትም። የሕግ ወረቀት ላይ ነው የምትኖረው። ያውም ብቻዋን መሄድ አትወድም፤ 'ሞራል' የምትባለዋን ከፊቷ አስቀድማ ነው። ሰው የሥራ ፈቃዱን ሲነጠቅ፣ ካገር ሲባረር፣ ያኔ ትመጣለች። ሥሯ ላቲን ነው፤ አስቀያሚ እንደማለት።"

"ወሰኗስ ልጄ? ወሰኗን ንገረኝ።"

"እሱን ዳኞቹም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ማታለል ብዙ ጊዜ ይገባል። ተራ ድብድብ ብዙ ጊዜ አይገባም።"

"ለምን?"

"እ... መምህር፣ ችሎት አለብኝ" ብሎ ዘጋ።

መምህር ምንዋጋውን "ሐሙስ ተመለስ" አሉት። እኔ ጮኽኩ። ሰውየው ከመንደሩ እስከ አምደወርቅ በእግሩ፣ ከዚያ ሰቆጣ በሚኒባስ ነው የሚመጣው። "እዚሁ 'የለም' ብለን እንላከው!" አልኳቸው። ምንዋጋው ግን "ግድ የለም፣ መምህር ካሉ እመጣለሁ" ብሎ ሄደ። ከልጅነቱ የለመደው መታዘዝ ነው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት ለሰቆጣ ሰው ፈተና ነበሩ። መምህር በየሱቁ፣ በየበሩ እየገቡ "በሕይወትህ ያየኸው የመጨረሻ የወረደ ሥራ ምንድን ነው?" ብለው ይጠይቁ ጀመር። አባቴ ጨርቅ እየለካ ነበር፤ ሜትሩን አስቀምጦ ብዙ ካሰበ በኋላ "የሞተ ሰው የሰጠውን አደራ ለልጆቹ መካድ" አለ። እማሆይ አመተ ሥላሴ ቆፍጠን ያሉ መነኩሴ ናቸው። እሳቸው አላሰቡም። "ለቅሶ ቤት መጥቶ፣ እያለቀሰ፣ በዓይኑ የሟችን ዕቃ የሚቃኝ አለ። እሱ ነው" አሉ። እንዴት ሳቅሁ! ደግሞ እውነት ነው፤ ማን እንደሆነም ሁላችን እናውቃለን። ፖሊስ የነበሩት ጋሽ የሻምበል ደግሞ ስሙን ሳይጽፍ ጎረቤቱን የሚጠቁም ሰው ነው አሉ፤ እንዲህ ዓይነት ወረቀት በእጃቸው ሲገባ እጃቸውን ይታጠቡ እንደነበር ነገሯቸው። ነፍስ ያጠፋ ያለ ሰው የለም። የሰረቀ ያለም የለም። አንድ ሰው ብቻ "የተራበ ሰው ቢሰርቅስ ምን ይባላል" አለና ጥያቄውን ገለበጠባቸው።

መጀመሪያ ሳፌዝ የነበርኩት እኔ ረቡዕ ከሰዓት ራሴው ደንበኞቼን ስጠይቅ ተያዝኩ። ነገሩ ይጋባል። አንዱን ወራዳ የሚያሰኘውና ሌላውን ጥፋተኛ ብቻ የሚያደርገው ምንድን ነው? ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ያደረግኋቸውን ነገሮች አንድ በአንድ አሰብኩ። አንዲቷ ላይ ስደርስ ቶሎ ብዬ አለፍኩ።

ሐሙስ ምንዋጋው መጣ። መምህር እንደ ሙሽራ አምረው፣ ኮት ለብሰው ነበር የጠበቁት።

"ደስ ይበልህ" አሉት። "ያንተ ጥርስ እዚህ አትገባም። አግኝቻታለሁ።"

ተቀመጠ። እኔም መተየቤን ተውኩ።

"በመጀመሪያ ውርደትን ከወራዳነት እንለይ። ውርደት ሰው ያመጣብሃል፤ ስትታሰር ተዋርደህ ይሆናል። ወራዳነት ግን ካንተው ነው የሚወጣ። አሁን ይቺ ቃል። ሁሉም ሰው የነገረኝን ሳስተያየው አንድ ዓይነት ነው። የተበደለው ሰው ካንተ ቃል በቀር መመኪያ የለውም። አንተ ደግሞ ማንም እንደማይደርስብህ ታውቃለህ። ንዴት የለበትም፣ ጉልበት አይፈልግም። ቀዝቀዝ ብለህ ነው የምትሠራው፤ ሠርተኸውም የሰው ሰላምታ እየተቀበልክ ትኖራለህ። ተርፒቲዩድ ይህ ነው።"

እውነቴን ነው፣ ላጨበጭብላቸው ምንም አልቀረኝም።

"ማንም ካላወቀስ?" አለ ምንዋጋው።

"እሱ ነዋ ዋናው ነገር!" አሉ መምህር በደስታ። "ማንም አለማወቁ ነው ወራዳ የሚያደርገው። እንግዲህ 'የለም' ልበልልህ?"

ምንዋጋው ቅጹን አየው። እጁን ወደ እስክሪብቶው ሰደደና መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። "ነገ እመለሳለሁ" ብሎ ተነሳና ወጣ። መምህር ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ። "ምን አጠፋሁ? አልገባውም ይሆን?" አሉ። እኔ ግን የገባው መሰለኝ።

ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልመጣም። እኔ በር በሩን አያለሁ፣ መምህር ሰዓታቸውን ያያሉ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ምንዋጋው አንዲት ሴት አስከትሎ ገባ። ሃምሳን የተሻገረች፣ ጥቁር የለበሰች፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ የምትሄድ ሴት ናት። ይመኙሻል ትባላለች፤ ከወንዝ ማዶ ጎረቤቱ ናት፣ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

"አዎ ብለው ይጻፉልኝ" አለ ምንዋጋው ሳይቀመጥ።

ከዚያ ነገረን። ለእኔ ለከተሜዋ ሥርዓቱን ጭምር ማስረዳት ነበረበት። በእነሱ ዘንድ የንብ መንጋ ከቀፎው ወጥቶ ሲሄድ፣ ባለቤቱ ዓይኑን ሳይነቅል ከተከተለው፣ የሰው ቀፎ ውስጥ ቢገባም የራሱ ነው፤ ይመለስለታል። ባለ ቀፎው "ይሄ ካንተ በፊት የገባ ነው" ካለ ግን በቃ፣ ቃሉ ይታመናል። ምስክርም መሐላም አይጠየቅም። ንብ እንደ ከብት ምልክት የላትም፣ በምን ትለያለች? ስለዚህ ያ ቃል ከባድ ነው፤ አገር የሚተዳደርበት ነው።

ከአራት ዓመት በፊት በመስከረም የይመኙሻል መንጋ ወጣች። ያኔ ያለቻት ያቺው አንዷ ብቻ ነበረች። ይመኙሻል እያጨበጨበች፣ እየጮኸች፣ ወንዙን ተሻግራ ተከተለቻት። ንቢቱ ምንዋጋው ንብ እንዲገባለት አጥኖ ያስቀመጠው ባዶ ቀፎ ውስጥ ስትገባ እሱ አጠገቡ ቆሞ ነበር። እየሮጠች ስትመጣም አያት።

"ሽማግሌዎቹ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለችው አሉኝ" አለ። "ከጧት ጀምሮ አልኩ። እሺ ብለው ተነሡ። እንዲህ ቀላል ነበር።" እጆቹን አየ። "ትናንት መምህር ያቺን ቃል ሲያስረዱኝ እኔን አይተው የሚናገሩ መሰለኝ። ዛሬ ጧት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ሽማግሌዎቹ ንቢቱ ከነቀፎዋ ትመለስ አሉ፤ ትመለሳለች። አሁን ይሄ ቀረኝ።"

መምህር አንድ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገዋል።

እኔ ነኝ ቀድሜ የፈነዳሁት። "ጋሼ ምንዋጋው፣ ተናግረሃል፣ መልሰሃል፣ አልቋል! ማንም አልከሰሰህም። እነዚህ ሰዎች 'አዎ' የሚለውን ሲያዩ ማብራሪያውን እንኳ አያነቡትም። ልጆችህን አስብ!"

"ሳይፈረድብዎትም ቢሆን ይላል እኮ" አለ በለሆሳስ። "እሳቸው ናቸው ያነበቡልኝ።"

ወደ መምህር ዞርኩ። "ይንገሩት እንጂ! ለድርጅቱ ሲባል የተጻፈ ነው፣ ንብ አይመለከትም ይበሉት!"

ቢሉት ያምናቸዋል፤ አስተማሪው ናቸው። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳም። ሦስት ቀን ሙሉ በደስታ ያሳደዷት ቃል አንድ ቤት ውስጥ ገብታ ምን እንዳደረገች ገና መግባቱ ነበር። በመጨረሻ ወደ ሴትየዋ ዞሩ። "የተበደልሽ አንቺ ነሽ። አንቺ ምን ትያለሽ?"

"በእንግሊዝኛው ምን አገባኝ" አለች ይመኙሻል። "አራት ዓመት 'ዓይኔ እያየ ገባች' ስል፣ ሰዉ 'ምስኪን፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቀልቧ የለም' ሲለኝ ኖሬያለሁ። እኔም አንዳንዴ እውነት ቀልቤን አጥቼ ይሆን እል ነበር። ማሩ አይደለም የቆጨኝ። ዛሬ ጧት ቀልቤ ተመለሰልኝ።" ምንዋጋውን ሳታየው ቀጠለች። "ይቅርታ አላደረግሁለትም። የመጣሁት እዚህም እንዳይዋሽ ለማየት ነው።"

ከዚያ በኋላ የሚባል ነገር አልነበረም። መምህር "አዎ" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረጉና ማብራሪያውን ይጽፉ ጀመር። ብዙ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አይቼላቸዋለሁ፤ እንደዚያች ግማሽ ገጽ ግን የጻፉት የለም። ስለ ቀፎው፣ ስለ ሥርዓቱ፣ ምስክር ስለማያስፈልገው ቃል፣ ሁሉም አለበት። እያንዳንዱን አረፍተ ነገር በአማርኛ እየተረጎሙ አነበቡለት፤ ምንዋጋው አንድም ቃል እንዳያመልጣት ለይመኙሻል በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ይደግምላታል፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ቦታ ላይ "ተሳስቼ" የሚለውን "አውቄ" አስደርጋዋለች። እኔ ስተይብ ዓይኔ ውኃ አቀረረ። ለአሥራ አንድ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ላክሁት።

መልሱ በሁለት ሳምንቱ በእኔ ኢሜይል መጣ። ሁለት መስመር ነው። ለጥያቄ አሥራ አራት በሰጡት መልስ ምክንያት ማመልከቻዎን መቀበል አንችልም፣ እናመሰግናለን። ሥራውን ያገኘው "የለም" ያለ ሌላ ሰው ነው፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አላውቅም፣ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል።

መምህር አንብበው ሲጨርሱ "እኔ ነኝ እንጀራውን የነጠቅሁት" አሉ። አይደለም ልላቸው ፈለግሁ፣ አልቻልኩም፤ ሰኞ ዕለት 'የለም' ብለን ብንልከው ኖሮ ሰውየው ዛሬ ደመወዝተኛ ነበር። በዚያ ሳምንት ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ እንጂ አያስረዱም። ቅጽ ይዞ የመጣውን "እዚህ ጋ ፈርም" ብቻ ይሉታል። ሰልፍ የሚባል ጠፋ። ሰልፉ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በገበያ ቀን ምንዋጋውና ይመኙሻል አብረው መጡ። አብረው ስል አንዱ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ፣ መካከላቸው ሦስት ሰው የሚያስገባ ቦታ ትተው ነው። መምህር መልሱን ራሳቸው ተነሥተው፣ ቆመው ነገሩት።

"ያልኩትን አንብበውታል?" ብሎ ጠየቀ ምንዋጋው።

"አንብበውታል።"

"እንግዲህ በሬውን ይዤ ወጥቻለሁ፤ እዚያ ገበያው ውስጥ ታስሯል" አለ። መምህር ይቅርታ ሊጠይቁ ጀምረው ቃል አጠራቸው፤ እሳቸውን ቃል ሲያጥራቸው ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ይመኙሻል በኽምጣኛ አንድ ነገር አለችው። እሱ ደንግጦ አያት። እኛ እንዳልሰማን አየችና በአማርኛ ደገመችው።

"ልጄ አበርገሌ ነው ያገባችው፤ ልትወልድ ነው፣ ወርጄ አርሳታለሁ። ሁለት ወር አልኖርም። ያንን የመለስከውን ጨምሮ አምስት ቀፎ አለኝ። ማሩ የሚደርሰው እኔ ሳልኖር ነው። አንተ ትቆርጥልኛለህ። ግማሹ የድካምህ ነው፤ በሬህን አትሽጥ። ስንት እንደወጣ ስመጣ ትነግረኛለህ።"

"እኔ?" አለ ምንዋጋው።

"አንተ።"

"ሽማግሌ ይጠራ እንጂ። ሲቆረጥ ቆሞ የሚያይ ሰው ይኑር። ኋላ ሰው ምን ይላል?"

"አልፈልግም" አለች ይመኙሻል። "ሰው እያየህ ከቆረጥከውማ እኔ ማንነትህን በምን አወቅሁ?"

ምንዋጋው ግድግዳውን ተደገፈ። እሺ ለማለት ብዙ ቆየ።